አዲስ ሰፈር ገብቶ ከማኅበረ ምዕመናኑ ጋር እንዴት መቀላቀል ይቻላል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው እሁድ የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አገኘን። የብሎካችን ጥበቃ ነው መንገዱን ያሳየን። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ አንድም እሁድ አልቀረንም። ከኋላ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፣ እንዘምራለን፣ ስብከቱን እንሰማለን፣ ቡራኬው ሊጀመር ሲል ደግሞ ባጃጅ ሳይጠፋ ብለን ሹልክ እንላለን።

ከዚያ እናቴ አረፈች። ድንኳኑ ብሎካችን ሥር ተተከለ። እድርተኛው መጣ። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም መጡ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ከመገናኛ ድረስ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ሰው አልመጣም። በጣም ተቀየምኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ፣ "ለመሆኑ ማን ያውቀናል?" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስማችን የትም አልተጻፈም። ስልካችን ማንም ጋ የለም። አምስት ወር ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ቡና አልጠጣንም።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ዳር ላይ አዲስ ቤት ለገባችሁ፣ ጀሞም ይሁን የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ፣ በየእሁዱ ሄዳችሁ ማንንም ሳታውቁ ለምትመለሱ ነው። እኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር እሁድ ከሳምንቱ ትንሿ ክፍል መሆኗን ነው። ሰው የሚያውቃችሁ ረቡዕ ማታ፣ የሆነ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ልበል፤ ለቀጣዩ ይጠቅማል። አገራችን ውስጥ "ፕሬስቢቴሪያን" የሚል ታፔላ ብዙ አታዩም። ያ ቅርስ በዋናነት ያለው በመካነ ኢየሱስ ውስጥ፣ ቤቴል በሚባሉት ሲኖዶሶች፣ ማለትም በየአካባቢው ክፍሎቿ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1919፣ በኅዳር በሽታ ማግስት፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባሉ የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሐኪም ከሱዳን ተነሥተው ቄለም ገቡ፤ ዛሬ ደምቢ ዶሎ የምንለው አካባቢ ማለት ነው። ኋላ ጣሊያን አገሩን ሲይዝና ሚስዮናውያኑ ሲወጡ ሥራውን ተሸክመው የቆዩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በ1947 በራሷ ቆመች፣ በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች፤ እነዚህም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከወለጋና ከኢሉባቦር ወደ ሸገር የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ዛሬ በየዳር ሰፈሩ የሚያመልኩት በዚህ ውርስ ነው።

"ፕሬስቢቴሪያን" የሚለው ስም ራሱ የመጣው "ሽማግሌ" ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ይሄ ለእናንተ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑን ከቄሱ ጋር ሆነው የሚያስተዳድሩት ምዕመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሰው ስትሆኑ በራችሁ ሽማግሌው ነው። ቄሱ ብዙ ጊዜ ሩጫ ላይ ናቸው፤ ቀብር አለ፣ ሰርግ አለ፣ የሲኖዶስ ስብሰባ አለ። ሽማግሌው ግን እዚያው ሰፈር የሚኖር፣ ከእናንተው ጋር ሃይገር የሚሳፈር ሰው ነው። "የእኛን ብሎክ የሚመለከተው ሽማግሌ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ ጥያቄ ብቻ ግማሹን መንገድ ታሻግራችኋለች።

እሁድ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ዳር ሰፈር ያሉ ብዙ አጥቢያዎች የኦሮምኛና የአማርኛ አምልኮ በተለያየ ሰዓት ስላላቸው፣ የትኛው መቼ እንደሆነ ከበሩ ላይ አስተናጋጆችን ጠይቁ። መሃል ላይ ተቀመጡ። "አዲስ የመጣችሁ እንግዶች ካላችሁ" ሲባል ተነሡ፤ እኔ አምስት ወር ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ያለፍኳት ሰዓት እሷ ነች። ማስታወቂያ ሲነገር ደግሞ ስልካችሁን አትነካኩ፣ የሳምንቱ ሕይወት የሚነገረው እዚያ ነው። ልጅ ካላችሁ በመጀመሪያው ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት አስመዝግቡት። የልጆች አስተማሪዎች ወላጅን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፣ የእኛንም ስም መጀመሪያ የያዘችው የልጃችን አስተማሪ ናት። ከቡራኬ በኋላ ሃያ ደቂቃ ግቢው ውስጥ ቆዩ። ባጃጁ አይጠፋም።

መሸኛውን ነገር አታዘግዩት። ከነበራችሁበት ማኅበረ ምዕመናን ስማችሁን፣ መጠመቃችሁን፣ የማጽናት ትምህርት መጨረሳችሁንና የቁርባን ተካፋይ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፋችሁ ለአዲሱ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ብዙ ሰው ሰርግ ሲደርስ ወይም ሕፃን ሊያስጠምቅ ሲል ነው ትዝ የሚለው፤ ያኔ ደግሞ ጥድፊያ ይሆናል።

አሁን ወደ ረቡዕ እንምጣ።

የቤት ኅብረት በየአጥቢያው ስሙ ይለያያል፤ ሴል የሚሉም አሉ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚሉም አሉ። ቀኑም ይለያያል። የእኛ ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የተከፋፈልነው በብሎክ ነው። እኛ ጋ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ይመጣል፤ ይጸለያል፣ ሁለት መዝሙር ይዘመራል፣ አንድ ክፍል ይነበብና እንወያያለን፣ ከዚያ የጸሎት ርዕስ ይሰበሰባል። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ከከተማ የሚመለሱ ሰዎች ከሥራ ልብሳቸው ጋር፣ ቦርሳቸውን እንደያዙ ይገባሉ። ዘግይቶ የመጣን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን ብትሄዱ ምንም ችግር የለውም። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ያዙ፣ ስማችሁንና ብሎካችሁን ተናገሩ፣ ያ በቂ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጸልዩ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። በተከታታይ አራት ሳምንት ሂዱ፤ አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ መቅረት ሁሌም እንግዳ ያደርጋል።

ተራ ደርሷችሁ ስታስተናግዱ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ምግብ አትሥሩ። የእኛ ኅብረት በአንድ ወቅት ሊፈርስ የደረሰው በዚህ ነው። አንዱ ቤት ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ክትፎ ሆነ፣ ከዚያ በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድማችን ተራው ሲቃረብ መምጣት አቆመ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ሽማግሌያችን ቤቱ ሄደው ሲያጫውቱት ነው የገባን። ከዚያ ወዲህ ሻይና አንድ ነገር ብቻ ብለን ተስማማን፤ ዳቦ ከሆነ ዳቦ፣ ቆሎ ከሆነ ቆሎ። ወንድማችን ተመለሰ። እናንተም አቅም ቢኖራችሁ እንኳ ይሄን ድንበር አትለፉ።

ስቱዲዮ ቤት አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል ወይ ለምትሉ፣ ይይዛል። አልጋው ላይም ይቀመጣል፣ ፍራሽም ይነጠፋል፣ ከጎረቤት በርጩማ ይመጣል። የሚያስቸግረው ድምፅ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፣ ደረጃው ደግሞ ድምፁን እስከ አራተኛ ፎቅ ይወስደዋል። ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በላይ አትቆዩ። ተራችሁ ከመድረሱ በፊት ከላይም ከታችም ያሉትን ጎረቤቶች አንኳኩታችሁ "ረቡዕ ማታ ጥቂት ሰዎች ይመጡብናል፣ ትንሽ እንዘምራለን" በሏቸው። ይሄ ብቻ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ታችኛው ፎቅ ያሉ እማማ ከነገርናቸው ጀምሮ አንዳንዴ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው መዝሙሩን ያዳምጣሉ። ረቡዕ ለእሳቸው ጾም ስለሆነ ሻይ ስንልክላቸው ወተት አናስገባበትም፣ ከቆሎው ጋር ነው የምንልከው። የጎረቤትን ጾም ማክበር ከእምነታችን ምንም አይቀንስብንም።

የጸሎት ርዕስ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን ጻፉ። የሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባውን ስትጀምሩ "ያ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ጸሎቱ እንደታወሰለት ሲያይ ልቡ ይከፈታል። ከዚህ ጋር የማይለይ ነገር ግን አለ፤ እዚያ ክፍል የተነገረ ነገር እዚያው ይቀራል። "ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርህ" ተብሎ የሰው ትዳር ከብሎክ ብሎክ ሲዞር አይቻለሁ፣ ያቺ እህት እስካሁን አልተመለሰችም። ከባድ ጉዳይ ሲመጣ መሪው ሰውየውን ለብቻው ወደ ሽማግሌው ይውሰደው። የቴሌግራም ግሩፑን ደግሞ ለተራና ለአስቸኳይ ነገር ብቻ ተጠቀሙበት።

ሌሎቹን ቀናት በአጭሩ። አርብ የአዳር ጸሎት ሊኖር ይችላል፣ ቅዳሜ መዘምራን ይለማመዳሉ፣ ሴቶችም ወጣቶችም የየራሳቸው ቀን አላቸው። ሁሉም ላይ አትመዝገቡ። ሁለት ሦስት መኪና ቀይሮ ሥራ የሚሄድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ ይደክመዋል፣ ቤቱም ይቀየማል። ከቤት ኅብረቱ ሌላ አንድ አገልግሎት ምረጡ። መዘመር ካልቻላችሁ ወንበር መደርደርም አገልግሎት ነው፤ ሰው ለማወቅ ደግሞ ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አስራትና መባችሁን በምትችሉት ልክ ስጡ። ሥራ ካጣችሁ ግን አፍራችሁ አትቅሩ። ለሽማግሌው ወይም ለዲያቆኑ በግልጽ ንገሩ። ዲያቆናት የተመረጡት ለዚሁ ነው።

ለቅሶ ሲደርስባችሁ ይሰሙ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ለቤት ኅብረቱ መሪ ደውሉ፣ እሱ ለሽማግሌው ይደውላል። የቀብር ቦታን ጉዳይ የሚያውቀው ሽማግሌው ነውና ቶሎ መስማት አለበት። ሰው ቤት ለቅሶ ስትሄዱ ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት ሂዱ። ብዙ መናገር አያስፈልግም። እንጀራ ያዙ፣ ካልሆነ ውኃ ያዙ፤ እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሆነ አንድ ጀሪካን ውኃ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታችሁ ዕቃ እጠቡ። እድርንም አትተዉ። "ቤተ ክርስቲያን አለኝ" ብሎ ከብሎኩ እድር የሚቀር ሰው ጎረቤቱን ያጣል፤ የእናቴን ድንኳን የተከለው እድሩ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ባልና ሚስት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየሁ። ሕፃን ታቅፈዋል። ቡራኬው ሊጀመር ሲል ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁና ባጃጅ ሲጠብቁ ደረስኩባቸው። ስማቸውን ጠየቅኳቸው፣ የትኛው ብሎክ እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። ለካ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ ነው የሚኖሩት። "ረቡዕ እኛ ጋ ነው፤ ሻይና ዳቦ ብቻ ነው፣ ሕፃኑንም ይዛችሁ ውረዱ" አልኳቸው። 1 ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩ ተንኳኳ።