ከሞሮኮ የመጣ የሻርክ ጥርስ ሲሰጣችሁ እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

ጂኦግራፊ ስለማስተምር ጎንደር ውስጥ እንግዳ ድንጋይ ያገኘ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሰሞኑን የበዛው ከሞሮኮ በስጦታ የሚመጣው የሻርክ ጥርስ ነው። ለምርመራው ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ከየት እንደተገኘ ጠይቁ። «ከአንገረብ ወንዝ ዳር ነው» ካሏችሁ ነገሩ እዚያው አለቀ። የጎንደር ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ሻርክ እዚህ ምን ሊሠራ? «ኩሪብጋ» የምትባለው የሞሮኮ ከተማ ከተጠራች ግን ያስኬዳል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ፎስፌት ይቆፈራል። እንደ ዳፕ ያለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከእንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። ቦታው ድሮ ባሕር ነበር። ደለሉ ቀስ ብሎ ስለተከማቸ አጥንትና ጥርሱ ተጠጋግቶ ቀረ። ሻርክ ደግሞ በዕድሜው በሺህ የሚቆጠር ጥርስ ይጥላል። ስለዚህ ጥርሱ ራሱ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ብርቅም አይደለም። ማጭበርበሩ ያለው ዙሪያው ላይ ነው፤ አሸዋ በሙጫ አያይዘው ድንጋይ ያስመስሉታል።

ጥርሱ ድንጋይ ውስጥ ከተቀበረ የሚገናኙበትን ጠርዝ በማጉያ መነፅር እዩት። የአሸዋው ቅንጣት በሚያብረቀርቅ ነገር ተያይዞ ከታየ ሙጫ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጥጥ ነክራችሁ የማይታይ ጥግ ላይ ያዙት። ሱፐር ግሉ ከሆነ ይላላል፣ አሸዋውም ይረግፋል። ካልረካችሁ አሴቶኑ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ መርፌ አግላችሁ እዚያው ነካ አድርጉ። የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ በቃ፣ ታውቋል።

ከዚያ ጥርሱን እዩ። ጫፉ ለስላሳና አንጸባራቂ፣ ሥሩ ደብዛዛና ቀዳዳ ቀዳዳ መሆን አለበት። ሁሉም እኩል ካብረቀረቀ ጠርጥሩ። በዋናው ጫፍ ግራና ቀኝ ትንንሽ ጫፎች ካሉት፣ ስለቱም እንደ መጋዝ ካልሆነ፣ ኦቶደስ የሚባለው ሻርክ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ድንጋይ በብዛት የሚወጣው እሱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሻርኩ አይደለም። 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዝሆን ዘር፣ ኤሪቴሪየም፣ የተገኘው ከዚሁ ፎስፌት ነው። የዝሆን ዘመዶች ደግሞ እዚሁ ጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ ደለል ውስጥ ተገኝተዋል።

በጭልጋዋ ከተማ በአይከል በኩል ስትሄዱ አጥንት የሚመስል ድንጋይ ካያችሁ ግን አሴቶንም መርፌም የለም። አታንሱት። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።