አዲሱ ሞተር ብስክሌት ሲያንገራግር፦ ችግርና መፍትሄ ለረጅም መንገድ ተጓዥ

ከፍ ያለ፣ ሰፊ የነዳጅ ታንክ ያለው፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እንዲችል የተሰራ፣ አድቬንቸር የሚባለውን ሞተር ብስክሌት የገዛ ሰው በመጀመሪያው ወር ጆሮው ይረዝማል። እያንዳንዱ ቅጭልጭታ፣ እያንዳንዱ ቢጫ መብራት ያስደነግጠዋል። እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። የራሴንም የጓደኞቼንም ስፈታና ስገጥም የቆየሁት ሰው ግን አዲስ ሞተር ብስክሌት የሚያስቸግረው አንድም ዕቃው ገና ስላልተላመደ፣ አንድም ሰው በማይገባ ስለነካካው ነው እላለሁ። የፋብሪካ ጉድለት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

እዚህ የማወራው በካቴና ስለሚነዳ፣ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ፣ ነዳጅ በኢንጀክተር ስለሚረጭና ባለ ራጂ ቸርኬ ስላለው ነው። የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ለአብዛኞቹ ይሰራሉ፤ የእናንተ መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ።

መጀመሪያ፣ ችግር ያልሆኑት

በመጀመሪያው ቀን ማርሚታው አካባቢ የሚሸተውና የሚጨሰው ፋብሪካው ለዝገት መከላከያ የቀባው ቅባት ሲቃጠል ነው፤ ቱቦው ወደ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም መለወጡም ከሙቀቱ ነው። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ቁልፍ ሲዞር በርቶ የሚጠፋው ጥቂት ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው፤ ቆማችሁ አትጠብቁት። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቲክ ቲክ የሚለው ብዙውን ጊዜ ኢንጀክተሩ ነው። ከታጠበ በኋላ የፊት መብራቱ ውስጥ የሚታየው እንፋሎት ሲሞቅ ይጠፋል፤ ውሃ ከተጠራቀመበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የራዲያተሩ ቬንቲሌተር ትራፊክ ውስጥ መጮሁም ሥራው ነው። አዲስ ጎማ ደግሞ ሙልጭልጭ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር በኩርባ ላይ አትድፈሩ።

ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይጠፋል

በፎሌ (ዜሮ ማርሽ) ሞተሩ ምንም አይልም፤ አንደኛ ሲገባ ጭጭ ይላል። ደብረ ሲና ላይ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ይህ ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ አስቀምጦኛል። ፊውዝ አየሁ፣ ካንዴላ ነቀልኩ፣ የነዳጁን ፓምፕ ጠረጠርኩ። በመጨረሻ አንድ በግ የሚነዳ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እግሩ ላይ ጭቃ አለ» አለኝ። እግሩ ያለው የጎን መቆሚያውን ነው።

መንስኤው እሱ ነበር። መቆሚያው ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ መቆሚያው ሳይታጠፍ ማርሽ ከገባ ሞተሩን ታጠፋለች። ጭቃ ሲጠቀጠቅባት መቆሚያው ታጥፎም እንዳልታጠፈ ትቆጥረዋለች። በላይዋ ውሃ አፍስሱ፣ መቆሚያውን አሥር ጊዜ ያህል አጥፉና ዘርጉ፣ ከዚያ ደግማችሁ ሞክሩ። ቤት ስትደርሱ በደንብ አጽድታችሁ መታጠፊያው ላይ ግራሶ አድርጉ፤ ግራሶው ማብሪያዋ ውስጥ እንዳይገባ ግን ተጠንቀቁ። ሽቦዋን ቆርጦ ማገናኘት የሚመክሩ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም፤ መቆሚያውን ሳያጥፍ ተነስቶ የመጀመሪያው የግራ ኩርባ ላይ የተገለበጠ ሰው አውቃለሁ።

ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተይዞም ሞተሩ አልነሳ ካለ ደግሞ የፍሪሲዮን መያዣው ሥር ያለችውን ማብሪያ እዩ።

በዝግታ ሲነዳ ይገፈትራል፣ ካቴናው ይንኳኳል፣ ወይም ያፏጫል

ሁሉንም ነገር ረስታችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ በአዲስ ሞተር ብስክሌት ላይ ከየትኛውም ዕቃ በላይ የሚበላሸው ካቴና ነው፤ የሚያበላሹትም ባለቤቱና መካኒኩ ናቸው።

አዲስ ካቴና በመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይረዝማል። ሲላላ ነዳጅ በሰጣችሁና በለቀቃችሁ ቁጥር ይገፈትራል፣ የሚንሸራተትበትን ላስቲክም ይደበድባል። ይህ ይሰማል፣ ስለዚህ ሰው ይጠብቀዋል። ክፋቱ ያለው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ነው፤ ያን ጊዜ ያፏጫል እንጂ አይንኳኳም፣ ባለቤቱም «አሁን ተስተካከለ» ብሎ ይነዳል።

አንድ ጋራዥ የእኔን እንደ ክራር አውታር ወጥሮ ሰጠኝ። አጥብቆ መሥራት ጥሩ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ሞተር ብስክሌት የኋላ ሞላው የሚታመቅበት ርቀት ረጅም ነው፤ ሲታመቅ የኋላው ጎማ ቅስት ሠርቶ ይወጣል። የፊተኛው ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት)፣ የኋላ ሹካው (የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ) መታጠፊያና የኋላው አክሰል በአንድ መስመር ሲሰለፉ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ካቴናውም በጣም ይወጠራል። ባዶውን ቆሞ ልክ የመሰለ ካቴና ሁለት ሳጥን ዕቃና አንድ ሰው ሲጫንበት መፈናፈኛ ያጣል። የሚጎተተው እንግዲህ የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ ከፊተኛው ጥርስ ኋላ ዘይት ማንጠብጠብ ይጀምራል፤ ያን ለመጠገን ሞተሩ ይፈታል።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ፎሌ አድርጉ። የታችኛውን ካቴና መሀል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ገፍታችሁ በማስመሪያ ለኩ። ብዙዎቹ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር የኋላ ሹካው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፣ በጎን መቆሚያ ቆሞ ይለካ ወይስ ተነስቶ የሚለውንም እዚያው ይነግራችኋል። ጎማውን እያዞራችሁ ቢያንስ አራት ቦታ ለኩ፤ የሚስተካከለው በጣም በጠበቀው ቦታ ላይ ነው። የአክሰሉን ዳዶ አላሉ፣ የግራና የቀኝ ማስተካከያዎቹን እኩል ሩብ ሩብ ዙር አዙሩ። ከዚያ ከኋላ ተንበርክካችሁ በአንድ ዓይን ካቴናው ላይ እዩ፤ ጥርሱ ላይ ተጣሞ የሚገባ ከሆነ ጎማው ጠሟል። ሹካው ላይ የተቀረጹት መስመሮች ሁልጊዜ አይታመኑም። ዳዶውን በሚለካ መፍቻ አጥብቁ፣ ደግማችሁ ለኩ፣ ምክንያቱም ዳዶው ሲጠብቅ ካቴናውንም ትንሽ ይወጥረዋል። ሞተሩ እየሠራ ጣታችሁን ወደዚያ አታቅርቡ።

ለማጽጃ ነጭ ጋዝ ይበቃል። ቤንዚን በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ያበላሻል። ዘይት ስትቀቡ ከጉዞ በኋላ፣ ካቴናው ሳይቀዘቅዝ፣ በውስጠኛው በኩል ይሁን፤ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ በዚያው ምሽት።

ፎሌ አይገባም

ከላይ እንደተባለው ካቴናው ከልክ በላይ እንዳልጠበቀ አስቀድማችሁ እዩ። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን መላላት፣ መያዣው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለይም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ከመቆማችሁ በፊት፣ ጎማው ገና ሳይቆም፣ ከሁለተኛ ወደ ፎሌ አውርዱት። 2000 ኪሎ ሜትር ሲሞላው ብዙውን ጊዜ ይለሰልሳል።

ዳገት ላይ ይደክማል

አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ይህን የምትሉ ከሆነ ምናልባት ምንም አልሆነም። በ2300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ኢንጀክተሩ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም። መጽሐፉ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው እዚህ ከ55 ብዙም አይርቅም። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ይበልጥ ይቀንሳል። ባሌ ውስጥ ሳነቴ ላይ መንገዱ 4000 ሜትርን ያልፋል፤ እዚያ የነዳው ሰው እሱም ሞተሩም ቁና ቁና ሲተነፍሱ ሰምቷል።

ትናንት የወጣውን ዳገት ዛሬ እንቢ ካለ ግን የአየር ፊልትሮውን አውጡ። በኮረኮንች መንገድ ከመኪና ኋላ አንድ ቀን መንዳት በአስፋልት የብዙ ሺህ ኪሎ ሜትሩን አቧራ ያስገባል። የወረቀት ከሆነ አራግፉት፣ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ንፉበት፣ ካልነጣ ቀይሩት። ስፖንጅ ከሆነ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቀብቶ ይመለሳል።

ፊልትሮው ንጹህ ከሆነ ነዳጁን ጠርጥሩ። ገጠር ውስጥ በጄሪካን የተሸጠ ቤንዚን ወደ ታንኩ ከመግባቱ በፊት በብርጭቆ ወይም በውሃ ኮዳ ትንሽ አስቀምጡለት፤ ውሃ ካለው ታች ይቀመጣል፣ መስመሩም በዓይን ይታያል። ጨርቅ ቆሻሻ ያጠራል፣ ውሃ ግን ያሳልፋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይለሰልሳል

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1400 ሜትር በላይ ከፍታ ታጣላችሁ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ካረፈ ዘይቱ ይፈላል፣ መያዣውም እስከ መጨረሻው ይገባል። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለውን የጭነት መኪና ሾፌሮች ብልሃት ተከተሉ፤ ጣታችሁ ፍሬኑን ጫን ለቀቅ ያድርግ እንጂ አይክረም። ከለሰለሰ ቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ውሃ አታፍስሱበት።

መሪው ይንቀጠቀጣል

በ90 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሳጥኖቹ ሲሞሉ፣ ሞተር ብስክሌቱ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ይመስላል። ዕቃው ከኋላ ከፍ ብሎ ተጭኗል፤ ከባዱን ወደ ታችና ወደ ፊት አምጡ፣ የኋላውን ሞላ ከጭነቱ ጋር አጥብቁ። ፍሬን ሲያዝ ጓ የሚል ድምፅ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፤ በመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ ሹካውን ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ ይጥበቅ።

ጎማውንም ለኩ፣ ግን ጠዋት፣ ሳትነዱ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ሁለት ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ማሳየት ነበረበት፤ ሙቀቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምርለታል። በቀትር የለካ ሰው «በዛ» ብሎ ያስተነፍሳል፣ በማግስቱ ጠዋት ጎማው ጎድሎ ይጠብቀዋል። ባደራችሁበት ቦታ፣ በብርዱ።

ራጂዎቹን ደግሞ በትንሽ መፍቻ አንድ በአንድ ንኳቸው። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ የላላው ዱብ ይላል። አንድ ሁለት ከሆነ ሩብ ዙር ታጠብቁታላችሁ፤ ብዙ ከሆነ ቸርኬው እንዳይጠም ለሚያውቅ ስጡት።

ጠዋት አይነሳም

ቴስተር ባትሪው ላይ አድርጉ። አርፎ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ደህና ነው፣ ከ12.2 በታች ከሆነ ደክሟል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልወጣ ችግሩ ከባትሪው ሳይሆን ከቻርጅ ነው። አዲስ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ባለቤቱ የጨመረው ተጨማሪ መብራትና ቁልፍ ጠፍቶም የሚሠራ የስልክ ቻርጀር ነው።

ዘይቱ አነሰ፣ ዘይቱ በዛ

በጎን መቆሚያ ቆሞ የታየ ዘይት ይዋሻል። ሞተሩ ሞቆ፣ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታይ። አንሷል ብሎ ደጋግሞ የጨመረ ሰው ዘይቱን በአየር ፊልትሮው ቤት ውስጥ ያገኘዋል።

ብሎኖች

የሳጥን ማሰሪያው፣ የማርሚታው፣ የመስታወቶቹና የሰሌዳው ብሎኖች በኮረኮንች ይላላሉ። ካጠበቃችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ከብሎኑ እስከ ብረቱ የሚደርስ ነጭ የቀለም መስመር አድርጉ፤ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ሁሉንም ታያላችሁ። ለሰሌዳው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊ የብሎን ሙጫ ጨምሩበት፤ የጠፋ ሰሌዳ የሚፈለገው በመፍቻ ሳይሆን በፖሊስ ጣቢያ ነው።