ባንጆ ከመግዛትዎ በፊት፦ የትኛው ለየትኛው ሙዚቃ?

ባንጆ (ክብ ገላው ላይ ቆዳ የተወጠረበት የክር መሣሪያ) ሊገዙ ሲነሱ መጀመሪያ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚጫወቱበት ይወስኑ። መልካቸው ቢመሳሰልም በክር ብዛት፣ በአንገት ርዝመትና በቅኝት ይለያያሉ።

ብሉግራስ ለተባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ባለ አምስት ክር ይያዙ። አምስተኛዋ ክር አጭር ናት፤ መቃኛዋ አንገቱ ጎን 5ኛው ፍሬት (አንገቱን በአግድም የሚያቋርጠው ቀጭን ብረት) አጠገብ ይገኛል። የተለመደው ቅኝት ከእሷ ተነሥቶ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ (የኖታ ስሞች ናቸው) ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. የብሉግራስ ሙዚቀኛውን የቢል ሞንሮን ባንድ የተቀላቀለው ኤርል ስክራግስ ያስፋፋው ስልት በሦስት ጣት፣ ጣት ላይ በሚጠለቅ ፒክ (መምቻ) ይመታል። ለዚህ ከጀርባው የእንጨት ክዳን (ሬዞኔተር) ያለው ይሻላል፤ ድምፁን ወደ አድማጭ ስለሚመልሰው ከፊድል (ከቫዮሊን) እና ከማንዶሊን መሃል ጎልቶ ይሰማል። ጀርባው ክፍት የሆነው ግን ለስለስ ያለና ቀላል ነው። በጥፍር ወደ ታች እየመቱ ለሚጫወቱት የክላውሀመር ስልት፣ ቤት ውስጥ እየዘፈኑ ለማጀብም የምንመርጠው እሱን ነው።

የአየርላንድ ጭፈራ ዜማ ከሆነ ልብዎን የሳበው፣ ባለ አራት ክሩ ቴነር ነው መሣሪያዎ። በጃዝ ቅኝቱ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ ነው፤ አየርላንዶች ግን ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ አድርገው ከቫዮሊን አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ዝቅ ብለው ይቃኙታል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የጃዙን ክር ሳይቀይር ያላላዋል። ለሲ የተሠራው 0.030 ኢንች ገደማ ክር ወደ ጂ ሲወርድ ይልፈሰፈሳል፣ ፍሬቱን እየነካ ይንጣጣል። ከ0.036 እስከ 0.040 ኢንች የሚወፍር ያስገቡ። ባለ 17 ፍሬቱ አንገቱ አጭር ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ ባለ 19ኙ ክሩን የበለጠ ይወጥራል።

ጊታር የሚችል ሰው ባለ ስድስት ክሩን በጊታር ቅኝት ወዲያው ይጫወትበታል። የብሉግራሱን ለዛ ግን አይሰጥም፤ አጭሯ ክር የለችማ።

የትኛውንም ቢገዙ ክሮቹን ከቆዳው በላይ የሚደግፈው በርኩማ (ብሪጁ) በሙጫ እንዳልተያዘ ያስታውሱ፤ የሚይዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ክር ሲቀይሩ አንድ በአንድ ይሁን። በርኩማው ከተንሸራተተ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ይምቱ፤ ከዚያ ተጭነው ይምቱ። ሲጫኑ ድምፁ ከቀጠነ በርኩማውን ከአንገቱ ያርቁት፣ ከወፈረ ያቅርቡት።

ድምፁ የታፈነ ከሆነ ቆዳው ላልቷል ማለት ነው። የተፈጥሮ ቆዳ እንደ ማሲንቆ ቆዳ በእርጥበት ይረግባል፤ ፕላስቲኩ ብዙም አይለወጥም። ማጥበቂያ ብሎኖቹን ትይዩ ትይዩውን፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ባነሰ ያጥብቁ። አንዱን ወገን ብቻ ካከረሩት ቆዳው ሊቀደድ ይችላል።