ለረጅም መንገድ ፈረስ ዘይት አሰጣጥ

የማሠለጥናቸው ፈረሶች የረጅም ርቀት ናቸው። ጉልበት ሲያንሳቸው ብዙ ሰው እህል ጨምርላቸው ይለኛል። እኔ ግን ከእህል በፊት ዘይትን አስባለሁ። እህል ሲበዛ ስታርቹ (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ሲብላላ ቁርጠት ያመጣል፣ ሰኮናም ያሳምማል። ዘይት ግን በክብደት ከአጃ ወይም ከገብስ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት አለው፣ ስታርች ደግሞ የለውም።

ዋናው ጥቅሙ ጡንቻ ላይ ነው። ፈረስ በጡንቻው ያከማቸው ግላይኮጅን (የስኳር ስንቅ) ሲመናመን ይዝላል፤ መልሶ ለመሙላትም ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ዘይት የለመደ ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ ቅባቱን እያነደደ ግላይኮጅኑን ይቆጥባል። ሽምጥ ግልቢያ ላይ ግን ቅባት ብቻውን አይደርስም። ስለዚህ ለአጭር ርቀት ተሽቀዳዳሚ እህሉን ጨርሳችሁ አታንሱበት።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ጀምሩ። ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ ከመኖው ጋር አሹት። ፈረስ የሐሞት ከረጢት የለውም፤ ሐሞቱ ከጉበት በጥቂት በጥቂቱ ሳያቋርጥ ይፈሳል። ባንድ ጊዜ ብዙ ዘይት ማፍሰስ የማይሆነው ለዚህ ነው። በየአራት አምስት ቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ 250 ላይ አቆማለሁ፤ ከ500 ማለፍ የለበትም። ፋንድያውን በየቀኑ እዩ። ከላላ ወይም ቅባት ቅባት ካለ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሱና ጥቂት ቀን ቆዩ።

ትዕግሥት ይኑራችሁ፣ እባካችሁ። አንጀቱ በሦስት አራት ሳምንት ይለምዳል፤ ጡንቻው ግን ሁለት ወር ያህል ሊፈልግ ይችላል፣ ያውም ልምምድ ሳይቋረጥ። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ዘይት መጀመር ምንም አይጠቅምም።

ከተልባ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከበቆሎ የተጨመቀ ዘይት ይሆናል። የተልባው ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነት ስላለው እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ግን ቶሎ ይበላሻል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ ሽታው ከተለወጠ ድፉት። በየ100 ሚሊ ሊትሩ ቢያንስ 100 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU) ቫይታሚን ኢ ጨምሩ፤ ቅባት ሲበዛ የሰውነት የቫይታሚን ኢ ፍላጎት ይጨምራልና። ዘይት ፕሮቲንም ማዕድንም የለውም፤ እህል ቀንሳችሁ ከሆነ የጎደለውን ማዕድን በሌላ ተኩ። ድርቆሹን ግን እንዳትነኩ! በቀን ቢያንስ የክብደቱን 1.5 በመቶ ይብላ።

ለወፈረ ፈረስ፣ ለአህያ፣ ጉበቱን ለታመመ እንስሳ ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ። የጎድን አጥንቱን በየሳምንቱ ዳስሱ። በእጅ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ዘይቱን ቀንሱ፣ ያንንም እንደ አጀማመሩ ቀስ በቀስ።