የሞተራችሁ ሶኬት ስንት ዋት ይችላል?

ሱሉልታ አካባቢ ባለአራት ጎማ ሞተር የምትነዱ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ሶኬቱ ላይ አትሰኩ። መጀመሪያ የሶኬቱን ፊውዝ አውጥታችሁ አናቱ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ አምፔር ነው፤ 10 ካለ በ12 ቮልት አባዙት፤ አቅሙ 120 ዋት ነው። ለስልክ ቻርጀር ከበቂ በላይ ነው። ባለ 150 ዋት የጎማ መንፊያ ግን ከ12 አምፔር በላይ ይስባል፤ ትንሽ ቆይቶ ፊውዙ ይቃጠላል። ያኔ "የ20 ልክተትበት" እንዳትሉ፣ አደራ! ፊውዙ ሲተርፍ ሽቦው ነው የሚቀልጠው። እንዲህ የተደረገበት ሞተር አይቻለሁ፤ የሽቦዎቹ ፕላስቲክ እንደ ሻማ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። መንፊያውን በቀጥታ ከባትሪው አገናኙት፤ ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ፣ የራሱን ፊውዝ አድርጉለት። ስትነፉም ሞተሩን አስነስታችሁ ይሁን፤ ከእንጦጦ ጀርባ ባትሪ ቢሞትባችሁ የሚያግዝ ሰው በቀላሉ አይገኝም።