የብራዚሉን ሳምባ በድራም ሴት ስትለማመዱ የሚያበላሹ ነገሮች፣ ከሁሉ በፊት ግን ኪካችሁን አስተካክሉ

አንድ ስህተት ደጋግሜ አይቼ ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው። ልጁ ከዩቲዩብ የሳምባ ግሩቭ ይዞ ይመጣል፣ እጁ ጎበዝ ነው፣ ፍጥነትም አለው፣ ኪኩ (በእግር የሚረገጠው ትልቁ ከበሮ) ግን አንደኛውንም ሁለተኛውንም ምት እኩል ይረግጣል፣ ጭራሽ አንድን ያጠብቃል። ይሄ ሳምባ አይደለም! ሳምባ 2/4 ነው (በየዙሩ ሁለት ምት)፣ ክብደቱ ደግሞ ሁለት ላይ ነው የሚወድቀው። ኪኩ የሚተካው ሱርዶ የሚባለውን ትልቅ ከበሮ ስለሆነ ነው እንደዛ የሚሆነው። ሪዮ ላይ በካርኒቫል የሚሰለፉት የሳምባ ማህበሮች ጋ ወፍራሙ ሱርዶ ሁለት ላይ ይመታል፣ ቀጠን ያለው አንድ ላይ ይመልስለታል። ከነሱ አንዱ የሆነው ማህበር፣ ማንጌራዎች፣ እንዲያውም የሚመልሰውን ጭራሽ አይጠቀሙም፣ ሁለት ላይ ያለው ብቻውን ያን ሁሉ ሰው ያስጨፍራል። አንድን የምታጠብቁ ከሆነ ማርሽ ነው የያዛችሁት።

እንዲህ የሚረግጥ አንድ ተማሪዬን ከኪኩ አንስቼ ፍሎር ቶም (መሬት ላይ የሚቆመውን ከበሮ) ብቻ ሰጠሁት፦ አንድ ላይ ግራ መዳፉን ቆዳው ላይ ጭኖ ታፍኖ ይመታል፣ ሁለት ላይ መዳፉን አንስቶ ይለቀዋል። ሌላ ምንም የለም። መጀመሪያ ተናደደ፣ ቆይቶ ግን ትከሻው ራሱ ሁለት ላይ መውረድ ጀመረ፣ ያኔ ወደ ኪክ መለስኩትና ያው ግሩቭ ሌላ ነገር ሆነ። ከየቢቱ በፊት የምትገባዋ ትንሿ የኪክ ምት ደግሞ ቀለል ትበል፣ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ ካሳረፋችሁ በራሷ ትለሰልሳለች።

ሁለተኛው ስህተት ሲክስቲንዙን (አንድ ምት ለአራት ሲከፈል የሚመጡትን) እንደ ኮምፒውተር እኩል መደርደር ነው። ሳምባ ላይ ከአራቱ አንደኛውና አራተኛው ይጎላሉ፣ የመሃሎቹ ይደበቃሉ፣ ርቀታቸውም እኩል አይደለም። እኛ ሀገር ያለው ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ችክችካ እየመታ ያደገ ድራመር ሳይታወቀው ወደ 6/8 (ምቱ ለሦስት ወደሚከፈልበት) ይጎትተዋል። ትክክለኛው ቦታ ከሁለቱ መሃል ነው፣ በኖታ ወረቀት አይያዝም፣ ስለዚህ ጥሩ የፓንዴሮ (የብራዚል የእጅ ከበሮ) ተጫዋች ፈልጋችሁ እየሰማችሁ ምቱን በአፋችሁ አብራችሁት አሰሙ፣ ስቲክ ከመያዛችሁ በፊት። ሜትሮኖም ላይ 60 ይበቃችኋል፣ እዛ ላይ ካልተወዛወዘ 120 ላይ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሆነው።

ቦሳ ኖቫን (ከሳምባ የወጣውን ለስላሳ ሙዚቃ) አፍጥኖ ሳምባ ማለት፦ እባካችሁ ተዉ።

የታምቡሪሟን (በዘንግ የምትመታዋ ትንሽ ከበሮ) ምት ስኔር (ከፊታችሁ ያለው ቀጭን ድምፅ ያለው ከበሮ) ላይ ስታመጡ ከየትኛው ግማሽ እንደምትጀምሩ ዜማውን ሰምታችሁ ወስኑ። ምቱ ሁለት ጎን አለው፣ ገልብጣችሁ ከገባችሁ ከዘፋኙ ጋር ስትጣሉ ታመሻላችሁ፣ መሃል ላይ ለማስተካከል መሞከር ደግሞ ይብሳል።

ሁሌ ራይድ (ትልቁ ሲምባል) ላይ መሮጥም አለ። ሳምባን ሲምባል ላይ በማውጣት ስሙ የሚነሳው ብራዚላዊው ድራመር ኤዲሰን ማቻዶ ነው፣ ከሱ በፊት ግን እነ ሉሲያኖ ፔሮኔ ስኔርና ቶም ላይ ነበር የሚሰሩት፣ ከዛ ጀምሩ፣ ሲምባሉ ይደረስበታል።

ኪኩ ውስጥ የጠቀጠቃችሁትን ትራስም አውጡት፣ ሱርዶ ድምፁ ተስቦ ነው የሚቀረው፣ ቱፍ ብሎ የሚሞት ኪክ ሁለትን ሊሸከም አይችልም።