በዳንዩብ ዳር ቀኑን ሙሉ በብስክሌት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና የሚወስደው የዳንዩብ የብስክሌት መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው አስፋልት ነው፤ በብዙ ቦታም ከመኪና መንገድ የተለየ ነው። ለጀማሪ ይመቻል ሲባል እውነት ነው። ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ጉልበታቸውን አሟቸው የሚቀመጡት «ቀላል ነው» ብለው የመጡት ናቸው።

ትልቁ ስህተት ወንዙ ስለሚወርድ መንገዱም ቁልቁለት ነው ብሎ ማሰብ ነው። ወንዙ ከፓሳው እስከ ቪየና የሚወርደው 130 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለኪሎ ሜትር ሲካፈል ግማሽ ሜትር አይሞላም። ፔዳል ስትመቱ አይሰማችሁም። የሚሰማችሁ ነፋሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቪየና አቅጣጫ የሚነዳው ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ነው። ከምሥራቅ የሚነሳበት ቀንም ግን አለ። ያኔ ጠባቡ ሸለቆ ውስጥ መጠለያ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ይገፋችኋል። ጠዋት የአየር ትንበያ ስታዩ ዝናቡን ብቻ አትዩ። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ያሰባችሁትን 80 ኪሎ ሜትር ወደ 50 አውርዱት።

ሜዳው ራሱም ያደክማል። ቁልቁለት ቢሆን እግር ያርፋል። እዚህ ግን ለሰዓታት አንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው፤ መቀመጫም እጅም ይደነዝዛል። በየጊዜው ከመቀመጫው ተነስታችሁ ጥቂት ንዱ፤ የእጃችሁንም ቦታ ቀያይሩ። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከለበሳችሁ ከስር ፓንት አትልበሱ። የሚያቆስለው ስፌቱ ነው።

ሌላው ጀልባን መርሳት ነው። ሽሎገን የምትባል መንደር አጠገብ ዳንዩብ በጫካ የተሸፈነ ኮረብታ ዞሮ ወደ መጣበት ይታጠፋል። እዚያ በግራው ዳርቻ መንገዱ ይቋረጣል፤ ያለ ጀልባ አይታለፍም። ጀልባዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሰዓታቸው እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ማታ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ ዘግይቼ ደረስኩና ጀልባው ማዶ ታስሮ አገኘሁት። የማድርበት ቤት መብራት ከፊቴ ይታያል፤ መሻገሪያ የለም። ድልድይ ፍለጋ ወደ ኋላ ስመለስ ጨለመብኝ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳልጠይቅ ጠዋት አልነሳም።

እሁድን አትርሱ። ጀርመንም ኦስትሪያም ሱፐርማርኬቶች እሁድ ዝግ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ክፍት የሚገኘው ትልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ዳቦ፣ ሙዝና ለውዝ ቅዳሜ ሳይመሽ ግዙ። ፍልሰታን የምትጾሙም ይህ ስንቅ ይበቃችኋል። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሱ የምትቆዩ ከሆነ በጾሙ ቀናት ረጅም መንገድ ባትነዱ እመርጣለሁ። በነሐሴ ሙቀት ያለ ውሃና ያለ ምግብ መንዳት ያዞራል፤ ከብስክሌት ያስወድቃል። ውሃ ሲያልቅባችሁ መካነ መቃብር ፈልጉ። አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አለው። «ካይን ትሪንክቫሰር» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ደግሞ ቫካው የሚባለውን የወንዙን ሸለቆ በጥድፊያ ማለፍ ነው። ከሜልክ እስከ ክሬምስ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ሰዓት ያልፉታል፤ ከዚያ ፎቶ ብቻ ይቀራቸዋል። የወይን እርከኖቹ ከመንገዱ ጫፍ ይጀምራሉ። ሐምሌ ላይ አፕሪኮት በየደጃፉ ይሸጣል። ዱርንሽታይን ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ከ1192 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የታሰረበት ግንብ ፍርስራሽ ከከተማዋ በላይ ቆሟል። ብስክሌቱን ታች ቆልፋችሁ በእግር ውጡ።

ሽፒትዝ ላይ ደግሞ ሞተር የሌለው ጀልባ አለ። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ ተይዞ የወንዙ ጉልበት ብቻ ያሻግረዋል። ባያስፈልጋችሁም ተሳፈሩና መሃል ላይ ስትደርሱ ጸጥታውን ስሙት።